የኤልሳልቫዶር ፑፑሳ፦ ከሊጡ እስከ አበላሉ

ፑፑሳ ውስጡ አይብ፣ የተፈጨ ቦሎቄ ወይም ሥጋ ተደርጎበት በሁለት መዳፍ የሚጠፈጠፍና ምጣድ ላይ የሚበስል ወፍራም የበቆሎ ቂጣ ነው። የኤልሳልቫዶር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ እንዲሆን አውጆ፣ የኖቬምበርን ሁለተኛ እሑድ የፑፑሳ ቀን አድርጎታል። ዋሽንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ መቼም ሳያየው አይቀርም፤ ሳልቫዶሮችና ኢትዮጵያውያን በብዛት አብረው የሚኖሩበት አካባቢ ነውና።

ባለሙያ ስትጠፈጥፈው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጀማሪ እጅ ላይ ግን ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ አይቡ ሾልኮ ምጣዱ ላይ ያርራል፣ መሀሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ሊጡና መሙያው እኩል አልለሰለሱም። መሙያው ከሊጡ ከጠነከረ፣ ሲጠፈጠፍ ሊጡን ይቀደዋል። ከሊጡ ከላላ ደግሞ በጠርዝ በኩል ያመልጣል። ከዚህ በታች የተሰጠው ልክ አሥር ፑፑሳ ይወጣዋል፤ ለአራት ሰው ይበቃል።

ዱቄቱ

ለገንፎ የምንጠቀምበት ተራ የበቆሎ ዱቄት ለፑፑሳ አይሆንም። በውኃ ቢያቦኩት ይፈረፈራል እንጂ አይያያዝም። የሚያስፈልገው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ፣ እዚያው አድሮ፣ ታጥቦ ከተፈጨ በቆሎ የተዘጋጀ ዱቄት ነው። ኖራው የፍሬውን ገለፈት ያላቅቃል፣ ሊጡም እርስ በርሱ እንዲያያዝ ያደርጋል፤ በበቆሎው ውስጥ ታስሮ የነበረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚንም ለሰውነት እንዲመች አድርጎ ይለቀዋል። የቶርቲያ (የሜክሲኮዎቹ ስስ የበቆሎ ቂጣ) ልዩ ሽታ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

አሜሪካ ያለ ሰው በላቲን ሱቆች፣ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶችም ጭምር «ማሳ አሪና» የሚባለውን ያገኛል፤ ማሴካ በብዛት የሚታወቀው ስም ነው። እዚያው መደርደሪያ ላይ የሚያሳስቱ ከረጢቶች አሉ። አንዱ ለታማል (ተጠቅልሎ በእንፋሎት ለሚበስል የበቆሎ ሊጥ) የሚሆነው ሸካራ ዱቄት ነው፤ ከእሱ የተሠራ ፑፑሳ ጠርዙ አይገጥምም። ሌላው «አሪና ፓን» የሚባለው የቬንዙዌላዎቹ የአሬፓ ዱቄት ሲሆን፣ ቀድሞ የበሰለ እንጂ ኖራ የነካው አይደለም። የበቆሎ ስታርች ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዱቄቱ ካልተገኘ ከጥሬው መጀመር ይቻላል፤ የእኛ ነጭ በቆሎ ለዚህ ተስማሚ ነው። 500 ግራም ደረቅ በቆሎ፣ 1.5 ሊትር ውኃና 5 ግራም ለምግብ የተዘጋጀ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) ድስት ውስጥ አድርገው፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይቀቅሉ። ከእሳት አውርደው ከነውኃው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያሳድሩት። በማግስቱ አንድ ፍሬ በጣት ሲያሹት ገለፈቱ ተላጦ ከወጣ ደርሷል። ሁለት ሦስት ጊዜ እያሹ አጥበው፣ እርጥቡን ይፍጩት። ለዚህ የሚሻለው በደቃቁ ወንፊት ሁለት ጊዜ የሚያልፍበት የሥጋ መፍጫ ነው። ጁስ መፍጫ ያለ ብዙ ውኃ ስለማይዞር ሊጡን ያቀጥነዋል። ከዚህ ልክ 11 ወይም 12 ፑፑሳ የሚሆን ሊጥ ይወጣል። ለግንብና ለቀለም የሚሸጠውን ኖራ ግን ወደ ማዕድ ቤት አያስገቡት።

ሌላው መንገድ ሩዝ ነው። ከሳን ሳልቫዶር ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኦሎኩዊልታ የታወቀችው በሩዝ ዱቄት ፑፑሳ ነው፤ ከበቆሎው ይልቅ ነጣ ያለ፣ ገጹም ይበልጥ የሚንኮሻኮሽ ነው። የፎገራ ሩዝ አድቅቆ ያስፈጨ ሰው ሊሞክረው ይችላል። ልዩነቱ ውኃው የሚፈላ መሆን አለበት፤ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ የሩዝ ዱቄት አይያያዝም። የፈላውን ውኃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ በማማሰያ ያዋህዱ፤ እጅ የሚገባው ሙቀቱ ሲቻል ብቻ ነው።

ኩርቲዶ፣ ከአንድ ቀን በፊት

ኩርቲዶ በአቼቶ የተዘፈዘፈ የጥቅል ጎመን ሰላጣ ነው። ያለ እሱ ፑፑሳ ከባድ ምግብ ነው፤ የአይቡን ቅባት የሚቆርጠው ይህ ኮምጣጣ ነገር ነውና «ባይኖርም ግድ የለም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

500 ግራም ጥቅል ጎመን በጣም አቅጥነው ይክተፉ። የፈላ ውኃ አፍስሰውበት አንድ ደቂቃ ያቆዩና አጥልለው፣ ሲበርድ በእጅ ጨመቅ ያድርጉት። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ይልፈሰፈሳል፤ መንኮሻኮሹን ማጣት የለበትም። አንድ ካሮት ፈቅፍቀው፣ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ከትፈው ይጨምሩ። 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ 120 ሚሊ ሊትር አቼቶና የዚያኑ ያህል ውኃ ይግባበት። ይህ ልክ 5 በመቶ አሲድ ላለው አቼቶ ነው፤ ከዚያ የጠነከረ ከሆነ ውኃውን ከፍ ያድርጉ። የሚያቃጥል ከወደዱ ሁለት ቃሪያ ሰንጥቀው ይክተቱ። ኦሬጋኖ ካልተገኘ ጥቂት ጦስኝ ይተካዋል፤ ጣዕሙ አንድ ነው ማለት ግን አይቻልም።

በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቀው ፍሪጅ ያስገቡት። ቢያንስ አራት ሰዓት ይፈልጋል፤ ካደረ ይሻላል። አትክልቱ ሁልጊዜ በጭማቂው እንደተዋጠ ከቆየና በንጹሕ ሹካ ከተወጣ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

ቦሎቄው፣ አይቡና ሳልሳው

ሳልቫዶሮች የሚጠቀሙት ትናንሽ ቀይ ቦሎቄ ነው፤ አገር ቤት የሚሸጠው ቀይ ቦሎቄ በትክክል ይሆናል። 100 ግራም አሳድረው ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ቀይረው፣ ከሩብ ሽንኩርትና ከሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጋር በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቅሉ፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ጨው የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው። ከመቀቀያው ውኃ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ ጨምረው ይፍጩትና፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝግታ እያማሰሉ ያድርቁት። የሚቆምበትን ለማወቅ ማማሰያውን በድስቱ መሀል ይጎትቱ፤ መንገዱ ተከፍቶ ከቀረና ቦሎቄው ተሰብስቦ ከድስቱ ጎን ከለቀቀ በቅቷል። መንገዱ ወዲያው ከተደፈነ ገና ነው። ከዚህ ውስጥ 150 ግራም ያህል ነው የሚያስፈልገው። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሊጡ አይሂዱ፤ የሞቀ ቦሎቄ አይቡን ቀድሞ ያቀልጠዋል፣ ሊጡንም ያላላዋል።

የአገሪቱ አይብ ኬሲዮ ይባላል፤ ለስላሳና ሲቀልጥ የሚሳብ ነው። ካልተገኘ ጠንከር ያለው ብሎክ ሞዛሬላ ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሸጠው ግን ውኃ ስለሚለቅ አይሆንም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ፕሮቮሎኔም ቢጠቀም ያስኬዳል። የእኛ አይብ ለብቻው አያዋጣም፦ አይቀልጥም፣ ውኃም ያወጣል። ጣዕሙን የሚፈልግ ሰው በጨርቅ በደንብ ጨምቆ ከጠቅላላው አይብ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይቀላቅል።

250 ግራም አይብ በደቃቁ ከፈቀፈቁ በኋላ እንዲያው እንዳለ አይጠቀሙበት። በመዳፍ እየተጫኑ ያሹት፤ ከአራት አምስት ደቂቃ በኋላ ፍርፋሪነቱ ጠፍቶ አንድ ወጥ ይሆናል። አልያያዝ ካለ አንድ ማንኪያ ወተት ይበቃዋል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ደረጃ ነው፤ የአይቡ ፍርፋሪ ሊጡን ከውስጥ እየወጋ የሚበሳውም በዚህ የተነሳ ነው። ከዚያ ከቦሎቄው ጋር ያዋህዱት። 400 ግራም መሙያ ይሆናል፤ በአሥር ከፍለው አድቦልቡለው ያስቀምጡ።

ሎሮኮ የሚባለው የሐረግ እምቡጥ ኤልሳልቫዶር ውስጥ ከአይብ ጋር በጣም ይወደዳል፤ ውጭ አገር በበረዶ ወይም በጠርሙስ ይሸጣል። ከተገኘ ቦሎቄውን ትተው አይቡን 350 ግራም ያድርጉና 50 ግራም ሎሮኮ ከትፈው አብረው ያሹት። የጠርሙሱ ጨው ስለሚበዛበት አስቀድሞ ይታጠባል።

ሳልሳው ጊዜ አይፈጅም። 500 ግራም ቲማቲም፣ ሩብ ሽንኩርት፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ የፈረንጅ ቃሪያ 10 ደቂቃ ቀቅለው ይፍጩ፣ ያጥልሉ፤ በአንድ ማንኪያ ዘይትና በጨው ሌላ 10 ደቂቃ ያንተክትኩት። ቀጭንና የማያቃጥል መሆን አለበት። እንደ ስጎ ከወፈረ ውኃ ይጨምሩበት።

ሊጡ

300 ግራም ማሳ አሪና (ሁለት ኩባያ ተኩል ገደማ) ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ቀላቅለው፣ 450 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ያፍስሱበት። ሦስት አራት ደቂቃ ካሹት በኋላ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው 15 ደቂቃ ይተዉት። ይህ ዱቄት ውኃ መጠጣቱን የሚጨርሰው ቀስ ብሎ ነው፤ እንደተቦካ ልክ የመሰለ ሊጥ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደርቆ ይገኛል። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ እንደሚጨመር አስቀድመው ይቁጠሩት።

መፈተኛው ይህ ነው፦ ከዶሮ እንቁላል ከፍ የሚል ሊጥ አድቦልቡለው በመዳፍ ይጫኑት። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ውኃ ይፈልጋል። መዳፍ ላይ ተለጥፎ ከቀረ ዱቄት ይነስንሱበት። ጠርዙ ለስልሶ ከቀረና ከእጅ ከለቀቀ ደርሷል። ለቶርቲያ ከሚቦካው ላላ ማለት አለበት። አሁን መሙያውን በሌላው እጅ ይዘው ሁለቱንም ይጫኑ፤ ጣት እኩል ሊገባላቸው ይገባል። መሙያው ከፍሪጅ ወጥቶ ከጠነከረ ጥቂት ያቆዩት።

አጠፋፈጡ

አጠገብዎ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ያስቀምጡና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበት፤ በየመሀሉ እጅ የሚነከረው እዚህ ነው። ውኃ ብቻውን ከሆነ ሊጡ ቶሎ እጅ ላይ መጣበቅ ይጀምራል።

1. ሊጡን በአሥር ይክፈሉ፤ አንዱ ከ75 እስከ 78 ግራም ይመዝናል። ተራ እስኪደርሳቸው በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈኑ።

2. አንዱን ግራ መዳፍ ላይ አድርገው በቀኝ አውራ ጣት መሀሉን ይጎድጉዱ። ግድግዳው ዙሪያውን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ታችኛው ክፍል ከሳሳ የሚቀደደው እዚያ ነው።

3. 40 ግራም መሙያ ያስገቡ። ጀማሪ 30 ግራም ቢያደርግ አያፍርም፤ እጅ ሲለምድ ይጨምራል።

4. ጠርዙን ወደ መሀል እየሰበሰቡ ይግጠሙት። አናቱ ላይ የሚተርፈውን ትንሽ ሊጥ ቆንጥረው ያውጡት። ካልወጣ እዚያ ቦታ ወፍሮ ሳይበስል ይቀራል።

5. እጅዎን ነክረው፣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያጨበጨቡ በየምቱ ትንሽ ትንሽ ያዙሩት። ግፊቱ ከመሀል ወደ ጠርዝ ይሂድ። በየመሀሉ አቁመው ጠርዙን በጣቶችዎ ጫፍ ዙሪያውን ያስተካክሉ። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲደርስ ይበቃል። ማጨብጨቡ እምቢ ካለ በሁለት የተቀባ ፕላስቲክ መሀል አድርገው በድስት ቂጥ በቀስታ ይጫኑት።

ምጣዱ ላይ

የብረት ምጣድ ወይም ከባድ መጥበሻ ይሁን። ገጹ ሸክላ ያልሆነ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ያለው ሰው አራት አምስቱን በአንድ ጊዜ ሊያበስል ይችላል፤ ለፑፑሳ ከዚህ የተመቸ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። የሸክላ ምጣድ ግን አይቡ ሲፈስ ቅባቱን ስለሚጠጣ፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ለዚህ አያውሉት። አክንባሎም አይከደንም፤ እንፋሎቱ ከታፈነ ገጹ ይለሰልሳል እንጂ አይደርቅም።

ሙቀቱ መካከለኛ ሆኖ ወደ ላይ ያዘነበለ፣ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን። ጠብታ ውኃ ሲጥሉበት ቸስ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከጠፋ ልኩ ነው። በጨርቅ በስሱ ዘይት ያስነኩት። ፑፑሳውን አስቀምጠው አራት ደቂቃ አይንኩት፤ በራሱ ከምጣዱ እስኪለቅ አይገለበጥም። ሁለተኛው ገጽም አራት ደቂቃ ይፈልጋል። ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተውበት መሀሉ ነፋ ካለ በስሏል፤ የሚነፋው ውስጡ የታሰረው እንፋሎት ነው። ጥቂት አይብ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ከተጠበሰ ጉዳት አይደለም፤ ለዚያች ለተጠበሰችው አይብ የሚሻሙም አሉ።

ሲበላሽ

ውጩ አሮ ውስጡ ሊጥ ከሆነ ምጣዱ ከመጠን በላይ ግሏል፣ ወይም ፑፑሳው ወፍሯል። ደርቆ ከጠነከረ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ በቀዝቃዛ ምጣድ ላይ ብዙ ቆይቶ ውኃውን ጨርሷል። ሳይነፋ የቀረ የሆነ ቦታ ተበስቷል፤ ለመብላት ግን ምንም አይለውም። መጨረሻ የተሠሩት ብቻ ከተሰነጠቁ፣ ሊጡ በመሀል ደርቆ ነውና አንድ ማንኪያ ውኃ ጨምረው እንደገና ያሹት። ምጣድ ላይ ሳለ የተቀደደውን ቁራጭ ሊጥ በውኃ አርጥበው ሊለጥፉበት ይችላሉ። በሁለት በኩል ከተቀደደ ግን ትተው ቀጣዩን ማየት ይሻላል።

አበላሉ

በእጅ ነው፣ ይህንን ለሐበሻ ማስተማር አያስፈልግም። ፑፑሳው ሳህን ላይ ሲቀመጥ ኩርቲዶ በሹካ ከላይ ይቆለልበታል፣ ሳልሳ ይፈስበታል፤ ከጠርዙ እየቆረሱ፣ በቁራሹ ጎመኑን እየያዙ ነው የሚበላው። ሁለት ደቂቃ ብቻ ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው፤ ውስጡ ያለው የቀለጠ አይብ ምላስ ይልጣል። ከዚያ በላይ ካቆዩት ደግሞ አይቡ መጠንከር ይጀምራል፣ ስለዚህ ሁሉንም አብስሎ ገበታ ከመጥራት ይልቅ ከምጣዱ እየወረደ ቢቀርብ ይመረጣል። ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

ፑፑሴሪያ (ፑፑሳ ቤት) ገብቶ ለሚያዝ ሰው፦ መጀመሪያ «ዴ ማይስ» (የበቆሎ) ወይስ «ዴ አሮስ» (የሩዝ) ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ከዚያ ውስጡን ይመርጣሉ፤ ኬሶ አይብ፣ ፍሪሆል ቦሎቄ፣ አዮቴ ዱባ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ልብ የሚለው ሁለት ቃል አለ። «ቺቻሮን» እዚህ ላይ ተፈጭቶ የለሰለሰ የአሳማ ሥጋ ነው። «ሬቡኤልታ» ደግሞ ቺቻሮን፣ ቦሎቄና አይብ የተደባለቀበት ነው፤ ስሙ ሥጋ ስለማይጠራ ብዙ ሰው ሳያውቅ ያዘዋል። ቦሎቄውም ቢሆን በአሳማ ሞራ ተጠብሶ ሊሆን ስለሚችል «ዬቫ ማንቴካ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሞራ አለው ወይ ማለት ነው። «ማንቴኪያ» ካሉዎት ቅቤ ነው። ምጣዱ አንድ መሆኑም አይረሳ፤ የቺቻሮኑ ቅባት የተጠበሰበት ላይ የእርስዎም ይበስላል።

ለጾም «ሶሎ ፍሪሆል» ብለው ቦሎቄ ብቻ ይዘዙ፣ ስለ ማንቴካው ይጠይቁ፣ ሳልሳው ውስጥም አንዳንዴ የዶሮ ኩብ ስለሚገባ እሱንም ያጣሩ። ቤት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፦ 200 ግራም ደረቅ ቦሎቄ በዘይት አድርቀው አሥሩንም ይሙሉበት፤ ወይም ዝኩኒ ፈቅፍቀው ጨው ነስንሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ ውኃውን አጥብቀው ጨምቀው፣ ከቦሎቄው ጋር እኩል ያዋህዱት። ዝኩኒው በደንብ ካልተጨመቀ ሊጡን ያረጥበዋል።

የተረፈው በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በመሀሉ የመጋገሪያ ወረቀት እየተደረገ ፍሪዘር ይገባል፤ ሁለት ወር ይቆያል። ሲፈለግ ሳይቀልጥ በቀጥታ ሙቀቱ ቀነስ ባለ ምጣድ ላይ ያድርጉት፤ በየገጹ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ማይክሮዌቭ ሊጡን ያላላዋል፣ አይቡንም እንደ ላስቲክ ያደርገዋል። ሳይበስል የተጠፈጠፈውን ፍሪዘር ማስገባት ግን ብዙም አያዋጣም፤ ሲወጣ ጠርዙ ይሰነጠቃል።